ሕይወቴን ልቀይር ብል ቤቴ ሰው ሞላ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ስመክርበትማ ማን ብሎኝ! ለራሴ ጊዜ ግን ትዝ አላለኝም። አንዲት አጭር ነገር፣ ያውም እራት ላይ፣ ያውም አፌ ውስጥ ጉርሻ እያለ ተናገርኩና፣ ሳምንት ሳይሞላ ቤቴ ውስጥ መቀመጫ ያጣ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ስለ እኔ ሲከራከር አየሁ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ሕይወቴን ልቀይር ወስኛለሁ።»

እናንተም ወደ ሃምሳው እየተጠጋችሁ ከሆነ እባካችሁ ይህን ነገር ጮክ ብላችሁ አትናገሩ። መቀየር ከፈለጋችሁ ቀይሩ፤ ግን ዝም ብላችሁ ቀይሩ።

የነገሩ መነሻ ፎቶ ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ወጣቶች አንዱ አገባና ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ግቢ ተሰበሰብን። እኔ ራሴን ከሙሽራው የቅርብ ጓደኞች እንደ አንዱ ነው የምቆጥረው። ምሳ አብረን እንበላለን፤ በኳስ እንጨቃጨቃለን፤ ስልኬ ሲያስቸግረኝ የሚያስተካክልልኝም እሱ ነው። (ይህች የመጨረሻዋ ነገር አንድ ምልክት ልትሰጠኝ ይገባ ነበር፤ አልሰጠችኝም።) ስለዚህ ፎቶ አንሺው «የሙሽራው ጓደኞች!» ብሎ ሲጣራ ከረባቴን አስተካክዬ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ። አየኝ። ከዚያ መጥቶ በጣም በትሕትና ክንዴን ደገፍ አድርጎ፣

«አባቴ፣ እርስዎ ከወላጆች ጋር ወንበሩ ላይ ይሁኑ» አለኝ።

ምን እላለሁ? ሄጄ ተቀመጥኩ። በግራዬ ከዘራ የያዙ አዛውንት፣ በቀኜ የሚነገራቸውን የማይሰሙ ሌላ አዛውንት። ፎቶው በማግስቱ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሁለቱን እጆቼን ጉልበቶቼ ላይ ዘርግቼ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ የሰው ጠብ ለማብረድ የተጠራሁ ሽማግሌ መስያለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ነገሩ የሚያምርብኝ መሆኑ ነው።

ያን ፎቶ ቀኑን ሙሉ አየሁት። ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው። ወንበር ይገባል፣ ወንበር ይወጣል፣ የተሰበረ ወንበር ይመለሳል። እኔም ሕይወቴን ሙሉ ወንበር ስቀበልና ስሰጥ ኖሬ፣ በመጨረሻ አንዱ ላይ ቁጭ በል ተባልኩ ማለት ነው። ያን ዕለት እራት ላይ ነው እንግዲህ ያቺን ነገር የተናገርኳት።

ባለቤቴ አስቴር እንጀራውን እየቆረሰች ነበር። እጇ ቆመ።

«ወደ ምን?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ይመጣል ብዬ በፍጹም አልጠበቅሁም። ሰው ሕይወቴን ልቀይር ሲል «ጎበዝ» ይባላል እንጂ «ወደ ምን» ይባላል? ውኃ ጠጣሁ።

«ገና እያሰብኩበት ነው።»

«የምትሄድበትን ሳታውቅ ነው የተነሣኸው?»

ልጃችን ምሕረት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ከስልኳ ነው የምታውቀው። ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ማሚ፣ ይሄ የታወቀ ነገር እኮ ነው» አለች። «በዚህ ዕድሜ ያሉ ወንዶችን ይይዛቸዋል። አንዳንዶቹ ሞተር ሳይክል ይገዛሉ። አንዳንዶቹ ፀጉራቸውን ይቀባሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ...» ብላ እናቷን አየችና ዝም አለች።

«አንዳንዶቹ ደግሞ ምን?» አለች አስቴር።

«እኔ እንጃ፤ ቲክቶክ ላይ ነው ያየሁት።»

አስቴር ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችም። አስቴርን ስለማታውቋት ልንገራችሁ። ከከተማችን ዳር ያለችው የቱላ ልጅ ናት፤ መናኸሪያ አጠገብ በታላቅ ወንድሟ ሱቅ ውስጥ ባልዲና ሳፋ፣ ጄሪካንና ወንፊት ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ስለምትውል ቤት ውስጥ ብዙ አትናገርም። ዝም ስትል ግን የዝምታዋን ዓይነት አውቃለሁ። የድካም ዝምታ አላት፣ የንቀት ዝምታ አላት። ይሄኛውን አላውቀውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለውጡን በሩጫ ልጀምር አልኩ። የመሮጫ ጫማ የለኝም፤ ቢሆንም ጫማ እስኪገዛ ብጠብቅ ሐሳቤ እንደሚበርድ ራሴን ስለማውቀው፣ በሥራ ሱሪዬና በቆዳ ጫማዬ ወደ ሐይቁ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር የሚሮጥ ሰው ሞልቷል። ልዩነቱ እነሱ የሚሮጡ ይመስላሉ፤ እኔ ግን የሆነ ነገር ለመድረስ የምጣደፍ ነበር የምመስለው። ጥንብ የሚበሉት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ እንኳን በመላጣቸው እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ ጡረተኞች ቆመው በትዝብት ተመለከቱኝ። አንዱ ጭራሽ ሁለት እርምጃ ተከተለኝ። እንዲህ ዓይነቱ ወፍ ማንን እንደሚከተል የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሩቅ አልሄድኩም። ጎኔን ወጋኝ፤ ትንፋሼ እንደ አሮጌ የብስክሌት ፓምፕ ማፏጨት ጀመረ። በዚህ መሃል ከጠዋት ጸሎት የሚመለሱት የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ጴጥሮስ አዩኝ።

«ወንድሜ! ምን ተፈጠረ?» እያሉ ከጎኔ መሮጥ ጀመሩ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው እንደያዙ!

መልስ ልሰጣቸው ፈልጌ ነበር። ትንፋሽ ከየት ይምጣ? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ቆይ» ማለቴ ነው። እሳቸው ግን እጄን ደረቴ ላይ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። የሚያልፍ ባጃጅ አስቆሙ፤ ገፍተው አስገቡኝ፤ «ሆስፒታል! ቶሎ በል ልጄ!» አሉት ሹፌሩን። ሹፌሩም እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ጥሩምባውን እየነፋ በረረ። ወንጌላዊ አንድ እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው በታላቅ ድምፅ ይጸልያሉ። ባጃጁ ጉብታ ላይ በዘለለ ቁጥር እጃቸው አናቴን ይመታኛል። እኔ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ፣

«ወንጌላዊ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «አልታመምኩም።»

«እና ምን ሆነህ ነው?»

«ሕይወቴን ልቀይር ወስኜ ነው።»

እንዲህ ብዬ ቀና ስል ወንጌላዊ ጴጥሮስ ያለቅሳሉ። እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። «ሃሌሉያ!» አሉ። «ስንት ጊዜ ጸለይንልህ! ባለቤትህ ስንት ጊዜ አለቀሰች! ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ ስብከት ሳያልቅ ስትወጣ ስንት ጊዜ አየንህ! ጌታ ይባረክ!»

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። በደስታ የሚያለቅስ ሰው ፊት ቆሞ «እሱን ማለቴ አይደለም፤ ቦርጭ ለማጥፋት ነው» የሚል ማነው? እኔ አልቻልኩም። ደግሞ ስብከት ሳያልቅ እንደምወጣ ማየታቸው አስደንግጦኛል። «አሜን» አልኩ። አሜን ሲሉ መጠንቀቅ ነው፤ ወዲያው ተከትሎ «እሁድ ከሰዓት ከጸሎት ቡድኑ ጋር ቤትህ እንመጣለን» የሚል መጣ። ለዚያም አሜን አልኩ። ሹፌሩ ራሱ «አሜን» ብሎ ሒሳቡን ተቀበለ።

ሩጫው እግሬን አስሮት እያነከስኩ ቢሮ ገባሁ። ቢሮ የምንጋራው እኔና ከድር ነን። ከድር የስልጤ ልጅ ነው። ከዘመዶቹ ግማሾቹ እዚሁ ከተማ ይነግዳሉ፤ ግማሾቹ ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ስለዚህ ከድር አንድ ሰው በመስኮት አሻግሮ ካየ ሊሄድ ነው ብሎ ይጠረጥራል። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ስቀመጥ እግሬን ስለሚያመኝ መስኮቱ ጋ ቆሜ ወደ ውጭ ሳይ ዋልኩ።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ።

ከሁለት ሰው ስህተት ያልተማርኩ እኔ፣ «ከድር፣ ሕይወቴን ልቀይር ወስኛለሁ» አልኩት።

ከድር ተነሣ። በሩን ዘጋ። መስኮቱን ዘጋ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በየት በኩል ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«በሞያሌ ነው ወይስ በአየር? በእግር ከሆነ እኔ አልመክርህም። እግርህን አየሁት፤ ከቤትህ እዚህ ለመድረስ እንኳን አቅቶታል።»

«ከድር፣ እኔ የትም አልሄድም።»

ከድር በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «ጎበዝ! እንዲህ ነው የሚባለው። ለማንም አትንገር። ለእኔም ቢሆን አልነገርከኝም። ግን ሰው እንደ ሌባ ተደብቆ አይሄድም፤ እሁድ ከሰዓት ከቢሮ ሁለት ሦስት ልጆች ይዤ መጥቼ እሰናበትሃለሁ።»

«አትምጣ፤ የምሄድበት የለም እያልኩህ ነው!»

«ገባኝ፤ ገባኝ» አለና በዓይኑ ጠቀሰኝ። እንደ ከድር የገባው ሰው አታምጣ።

እንግዲህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ምንም ሳልሆን በአንድ ቀን ታማሚም፣ ንስሐ ገቢም፣ ስደተኛም ሆንኩ። ራሴም ግራ ገባኝ። ማታ ቤቴ ሄጄ ቁጭ ብዬ፣ ለመሆኑ ምን ለማለት ፈልጌ ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ወጣት መሆን ፈልጌ ነው? ወጣት ሆኜ እኮ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ሥራ መልቀቅ ፈልጌ ነው? ለቅቄ ምን ልሠራ? ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ስዘል ስልኬ ጮኸ። የአስቴር ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ዱካሌ።

ጋሼ ዱካሌ ቱላ ውስጥ ቡናና እንሰት፣ ከብትና ክብር ያላቸው ሰው ናቸው። አስቴር የምትሸጥበት ሱቅም የእሳቸው ነው። ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸው ደግሞ ከቁመታቸው ይበልጣል። በስልክ ሲያናግሩኝ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የምይዘው።

«አንተ ሰው! እሁድ ከሰዓት ከሽማግሌዎች ጋር እንመጣለን። ከቤት እንዳትወጣ።»

«ጋሼ፣ በደህና ነው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ!» ብለው ዘጉት።

አስቴርን ቀና ብዬ አየኋት። የምሕረትን የደንብ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ሸሚዙ ላይ ስታስኬድ ሸሚዙ ያሳዝናል።

«ለጋሼ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«አንተ ያልከውን። ባሌ ሕይወቱን ሊቀይር ነው አልኳቸው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።»

እውነቷን ነው። አንዲት ቃል አልጨመረችም። ችግሩም እሱ ነው።

እሁድ ምሳ ከበላን በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ ብርጭቆ በማጠብ ስም ልለማመጣት ሞከርኩ። አስቴር ጀርባዋን ሰጥታኝ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። ሳትዞር፣

«የምሕረት አባት» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። በዚያ በምትቀይረው ሕይወት ውስጥ እኔ አለሁበት ወይስ የለሁበትም?»

ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት እንዴት በወደድኩ! ይሄ ግን ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ ወንበሯ የተወሰደባት ሰው ድምፅ ነበር። ፎቶ አይቼ ለራሴ ሳዝን ከረምኩ እንጂ፣ ያቺ ንግግር ከእኔ አፍ ወጥታ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ ሰው ላይ ማረፏን አላሰብኩም ነበር። አፌን ከፈትኩ። «አስቴርዬ፣ እኔ እኮ...» ስል በሩ ተንኳኳ።

ቀድመው የመጡት ጋሼ ዱካሌ ናቸው፤ ከቱላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው። አልሳሙኝም። ጨበጡኝ፤ ያውም በጣታቸው ጫፍ። ለእኅታቸው በሲዳምኛ አንድ ረጅም ነገር ነገሯት። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ የእኔ ሲዳምኛ ለሰላምታና ለምግብ ነው የሚበቃው፤ ይህ ደግሞ ሁለቱንም አይመስልም ነበር። እነሱ ሳይቀመጡ ወንጌላዊ ጴጥሮስ ከጸሎት ቡድኑ ጋር መዝሙር እያሰሙ ገቡ። ጋሼ ዱካሌ መዝሙሩን ሲሰሙ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና፣ ወንጌላዊው በትዳር ጉዳይ ሊረዷቸው የመጡ መስሏቸው ከጎናቸው አስቀመጧቸው።

ወንጌላዊ ጸሎት ጀመሩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህ ወንድማችን አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ሊይዝ ወስኗልና እናመሰግንሃለን...»

ጋሼ ዱካሌ ዓይናቸውን ገለጡ። «ቆይ፣ ቆይ! አሮጌ ያልከው ማንን ነው?»

«አሮጌውን... አሮጌውን ሕይወት ነዋ» አሉ ወንጌላዊ ደንገጥ ብለው።

«እኅቴ አሮጌ ናት? እኅቴን ጥሎ አዲስ ሲይዝ ታመሰግናለህ? አንተ የእግዚአብሔር ሰው አይደለህም?»

«ኧረ በጌታ! ስለ ንስሐ ነው የምናገረው!»

«ንስሐውን እኛም ልናስገባው ነው የመጣነው!» አሉ ጋሼ ዱካሌ።

በዚህ መሃል ከድር ገባ። ከኋላው ሦስት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ተከትለውታል፤ በእጁ ትልቅ፣ ባለ ጎማ፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ ሻንጣ ይጎትታል። ሻንጣውን አምጥቶ ከእግሬ ሥር አቆመውና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለመንገድህ ነው» አለኝ። «ብዙ ልብስ አትያዝበት። እዚያ ስትደርስ የሚቀበሉህ ሰዎች ተዘጋጅተዋል።»

ጋሼ ዱካሌ ሻንጣውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«እዚያ የት?» አሉ። «እዚያ ማን አለች?»

ወንጌላዊ ደግሞ ፊታቸው በራ። «ለአገልግሎት ነው? ወደ ገጠር ልትወጣ ነው ወንድሜ? በአንዴ?»

«ሞያሌ እንኳን ሳይደርስ ይያዛል» አለ ከመሥሪያ ቤት የመጣው አንዱ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ግን በረንዳ ላይ ላሉትም ተሰማ። ከዚያ ሁሉም በአንዴ መናገር ጀመረ። ከቱላ የመጡት አንደኛው ሽማግሌ ከድርን የሴትየዋ ወንድም ነህ ወይ ብለው ይጠይቁታል። ከድር የትኛዋ ሴትዮ እያለ ይምላል። የጸሎት ቡድኑ ምን እንደሚጸልይ ስላላወቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘምራል። ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ወደ እኔ አዙራለች፤ እየቀረጸች እንደሆነ ገባኝ። እኔ መሃል ላይ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአንድ አፍታ «የት ነው የምሄደው?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

«ሁላችሁም ተቀመጡ!»

አስቴር ናት። የዳቦውን ሳህን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። መቀመጫ የሌለውም ተቀመጠ፤ ሁለት ሰው ምንጣፉ ላይ፣ ከድር ሻንጣው ላይ።

«ንገራቸው» አለችኝ። «ምንህን ነው የምትቀይረው? ለእኔም አልነገርከኝም፤ አብሬ እሰማለሁ።»

ምን ላድርግ? ስልኬን አወጣሁና ፎቶውን አሳየኋቸው። ጉዳዩ ይህ ነው አልኩ። «ፎቶ አንሺው አባቴ አለኝና ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ ደነገጥኩ። ከዚያ ያን ተናገርኩ። ሴት የለችም። መንገድም የለም። ወንጌላዊ፣ ንስሐም... እሱንም ገና አላሰብኩበትም፤ ይቅር ይበሉኝ። ምን እንደምቀይር አላውቅም። አስቴርን እንደማልቀይር ብቻ ነው የማውቀው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰዎች ፎቶውን አጉልተው አዩ፤ አሳንሰው አዩ። በመጨረሻ ጋሼ ዱካሌ ጋ ደረሰ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ደህና ተቀምጠሃል» አሉ። «ምን አጎደለብህ?»

ከቱላ የመጡት አንደኛው ሽማግሌ መሳቅ ሲጀምሩ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ወንጌላዊ ሳቁ፤ ከድር ሻንጣው እስኪነቃነቅ ሳቀ። እኔም እፎይ ብዬ ልስቅ ስል አስቴርን አየኋት። አልሳቀችም።

«አለቀ?» አለች። «እንግዲያው እኔ ልናገር። እኔ ደግሞ የምቀይረውን አውቃለሁ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አስቴር ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ጋሼ፣ አባታችን ከቱላው ቤት ጓሮ ያለው መሬት የአስቴር ነው ሲሉ እርስዎ አጠገባቸው ነበሩ። ስጠይቅዎ፣ ባል አለሽ፣ መሬት ምን ያደርግልሻል አሉኝ። እሺ ብዬ ሱቅዎ ውስጥ ባልዲ ስሸጥልዎ ኖርኩ። ዛሬ ደግሞ ባልሽ ሊጥልሽ ነው ብለው ሽማግሌ ይዘው መጡ። ባል የለኝም ካሉ መሬቴን ይስጡኝ። ባል አለኝ ካሉ ሽማግሌ ለምን አመጡ?»

ወይ ጉድ! ጋሼ ዱካሌ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም። ወደ ሽማግሌዎቻቸው ዞሩ። ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ያያሉ። ሳቁን የጀመሩት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ዱካሌ፣ እኔም ያን ቀን ነበርኩ» አሉ። «አባትህ ብለዋል። ሰምቻለሁ።»

«እኔ አላሉም አላልኩም!» አሉ ጋሼ ዱካሌ። ከዚያ ወደ እኅታቸው ዞረው፣ እንደ መሸሻም፣ እንደ እውነተኛ ጥያቄም አድርገው፣ «ምን ልታደርጊበት ነው?» አሏት።

እኔ ለአስቴር ሰጋሁ። ያቺን ጥያቄ አውቃታለሁ፤ ቀምሻታለሁ። አስቴር ግን ውኃ እንኳን አልጠጣችም።

«ዶሮ» አለች። «የድሮው በረት የነበረበት ቦታ ከፍ ያለ ስለሆነ ክረምት ውኃ አይተኛበትም፤ የዶሮ ቤቱ እዚያ ይሆናል። በታች በኩል አቮካዶ አለ፤ አሁን የሚለቅመው የለም፤ መሬት ላይ ይበሰብሳል። ሐይቅ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች እንቁላል ከሩቅ ነው የሚያስመጡት፤ ሁለቱን አነጋግሬያለሁ። ለሱቁ ሰው እስኪያገኙ አብሬዎት እቆያለሁ። ከዚያ ግን በቃኝ።»

ይቺ ሴት ይህን ሁሉ የት አስቀምጣው ነበር? መቼ አነጋገረቻቸው? እኔ ከአንድ ፎቶ ጋር ስታገል እሷ በልቧ የዶሮ ቤት ሠርታ ክዳኑን ጨርሳለች። ወንጌላዊ ጴጥሮስ በቀስታ «ጌታ ይባረክ» አሉ። ከድር «ኢንሻ አላህ ይሳካልሻል» አለ። ጋሼ ዱካሌ ተነሥተው የእኅታቸውን ትከሻ ያዙ፤ በሲዳምኛ አንድ አጭር ነገር ነገሯት። አስቴር በዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወንጌላዊ እኔን ለመባረክ ያመጡትን ጸሎት አዙረው ለአስቴር ጸለዩላት፤ አንድም ቃል መቀየር አላስፈለጋቸውም።

እንግዶቹን ሸኝተን በሩ ላይ ስንቀር፣ «ቅድም ለጠየቅሽኝ» አልኳት፤ «አለሽበት። ሁልጊዜም አለሽበት።»

«እሱን ተወው» አለች አስቴር፣ ዓይኗን እየጠረገች። «አሁን ጥያቄው አንተ አለህበት ወይ ነው።»

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቱላ ነው የምውለው። መሥሪያ ቤቴ ያው ነው፤ ወንበሩም ያው ነው። ቅዳሜ ግን ውኃ እቀዳለሁ፣ ሰጋቱራ አነጥፋለሁ፣ ዶሮ ሳሳድድ እውላለሁ። ዶሮ ለሰው ዕድሜ ክብር የለውም። ሕይወቴ ተቀይሯል አልተቀየረም ብትሉኝ አላውቅም፤ ስለ እሱ የማስብበት ጊዜ አጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጭቃ እስከ ጉልበቴ ወጥቶ፣ ራሴ ላይ ላባ ተለጥፎ፣ ጄሪካን ተሸክሜ ስመጣ አንዲት የሠፈሩ ሴት ከአጥሩ ማዶ ቆማ ከአስቴር ጋር ታወራለች። አየችኝና በሲዳምኛ ጠየቀቻት። የእኔ ሲዳምኛ በዶሮዎቹ ምክንያት ትንሽ ስለተሻሻለ ይህችን ሰማኋት፤ «ይሄ ሰውዬ ማነው? ቀጠርሽው እንዴ?» ነው ያለቻት።

አስቴር ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። በጣም አሰበች።

«ገና ነው» አለቻት። «እየሞከርኩት ነው።»

እኔም እንዳልሰማ ሆኜ፣ ጀርባዬን ቀና አድርጌ፣ ጄሪካኑን በአንድ እጄ ለማንሣት ሞከርኩ።